ሹሩባውን ማን ሠራው?

መቼም የስልክ ዘመን ነውና ሰው ከሰላምታ በፊት ቪዲዮ ያሳያል። ሰሞኑን አራት ኪሎ አንድ ካፌ የቀጠረኝ ወዳጄ፣ ገና ወንበር ስቤ ሳልቀመጥ፣ "ይቺን ሳታይ ቡና አታዝም!" ብሎ ስልኩን ደቀነብኝ። አየሁ። አንድ ወታደር ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ ሻንጣውን እንዳነገተ፣ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ይገባል። መምህሯ በምስጢር ተነግሯታል መሰለኝ፣ ተማሪዎቹ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው እንዲቆሙ አድርጋለች። "ዙሩ!" ትላለች። ሁለት እህትማማቾች፣ አንዷ ስምንት አንዷ ስድስት ዓመት ቢሆናቸው ነው፣ ዞረው አባታቸውን ያያሉ። ትንሿ ትሮጣለች። ትልቋ ለአፍታ ቆም ትላለች፤ ከዚያ እሷም ትሮጣለች። አባትየው ሁለቱንም አንድ ላይ ያቅፋል። ሙዚቃ ይገባል። አለቀ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ወዳጄ ዓይኑን በሶፍት እየጠረገ፣ "እናታቸው የለችም አሉ። ብቻውን ነው የሚያሳድጋቸው። ዓመት ከመንፈቅ ግንባር ቆይቶ መምጣቱ ነው" አለኝ።

እኔ ደግሞ ክፉ አመል አለብኝ። ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የለመድኩት ነው፤ የተነገረውን ሰምቼ ያልተነገረውን እጠይቃለሁ።

"ሹሩባቸውን ማን ሠራው?" አልኩት።

"ምን?"

"የልጆቹን ሹሩባ። ገና ትናንት የተጎነጎነ ነው፣ ያብረቀርቃል። አባትየው አሁን መግባቱ ነው። ማን ሠራው?"

ወዳጄ ስልኩን ኪሱ ከተተና፣ "አንተ እኮ ሰው ደስ ብሎት እንዲያለቅስ እንኳ አትፈቅድም" አለኝ።

ለቅሶውን አልተቃወምኩም። ለነገሩ እኔም ጉሮሮዬን ያዝ አድርጎኝ ነበር። የተቃወምኩት ያቺን "ብቻውን ነው የሚያሳድጋቸው" የምትለዋን ነው። እስቲ ረጋ ብለን እንያት። ግንባር ያለ ሰው ብቻውን ልጅ ሊያሳድግ አይችልም። ዓመት ከመንፈቅ እነዚህን ልጆች ያበላ፣ ያጠበ፣ ሲያተኩሳቸው ሌሊት የተነሳ ሌላ ሰው አለ። ቪዲዮው ያንን ሰው ከካሜራው ውጪ አቁሞታል። ታሪኩ የሚጀምረው አባትየው በሩ ላይ ሲደርስ ነው፤ የሚያልቀው እዚያው በሩ ላይ ነው። መካከሉ የለም። ሥራው ደግሞ መካከሉ ላይ ነበር።

ይሄ የቪዲዮው ጥፋት ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። የቆየ ልማዳችን ነው። የአማርኛ ልቦለድ ሀ ብሎ የጀመረው በአንድ የጦር ሰው አባትና በሴት ልጁ ታሪክ ነው ብላችሁ ምን ትሉኛላችሁ? አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት "ልብ ወለድ ታሪክ"፣ ኋላ "ጦቢያ" እየተባለ የተጠራው ማለቴ ነው። የጦር አለቃው በውጊያ ይማረካል፤ አንድ ደግ ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ነፃ ያወጣዋል። ወንዱ ልጅ ዋሂድ የአባቱን ባለውለታ ፍለጋ ወጥቶ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። አባትና እህት ደግሞ እሱን ፍለጋ መንገድ ይገባሉ። ጦቢያ ግን በሴትነቷ አልወጣችም፤ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው የወጣችው።

ይህንን መጽሐፍ ስንቴ እንዳስተማርኩት ቁጥሩን አላውቀውም። ስለ ሃይማኖቱ አስተማርኩ፣ ስለ ቋንቋው ውበት አስተማርኩ፣ ንጉሡ በመጨረሻ ክርስትናን ተቀብሎ ጦቢያን ስለማግባቱ የፈተና ጥያቄ አወጣሁ። አንድም ቀን ግን፣ "ይቺ ልጅ ከአባቷ ላለመለየት ሴት ልጅነቷን መተው ነበረባት እንዴ?" ብዬ ተማሪዎቼን አልጠየቅሁም። ልብሱን እንደ ብልሃት አየሁት እንጂ እንደ ዋጋ አላየሁትም።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር"ስ? ፊታውራሪ መሸሻ ማዕረጋቸው ራሱ የጦር ሜዳ ነው። ሰብለ ወንጌልን እንደ ምሽግ ይጠብቋታል፤ ለዘሯ የሚመጥን ባል ሲጠበቅ ዕድሜዋ ያልፋል። ዘፈኖቻችንም ቢሆኑ ዘማቹን የሚሸኙት በእናቱና በፍቅረኛው ነው። እንግዲህ የጦር ሰው አባት ሲሆን ወይ ይጠብቃል፣ ወይ ይሰናበታል፣ ወይ ይሞታል። ገንፎ ሲያገነፋ፣ የልጁን ካልሲ ሲያጥብ፣ የደብተር ሽፋን ሲያለብስ አናየውም። እንዲህ ያለ ሰው በሕይወት ስለሌለ ግን አይደለም። እኔ አንዱን አውቀዋለሁ።

ያደግሁት በምሥራቅ በኩል ባለች ከተማ፣ ጦር ሰፈር ውስጥ ነው። አባቴ እዚያ መካኒክ ነበር። ከእኛ ቤት ቀጥሎ አንድ ሃምሳ አለቃ ይኖር ነበር። ሚስቱ በ1973 ዓ.ም. ታማ ሞተችና ሁለት ሴት ልጆች ጥላለት ሄደች፤ ትልቋ ሰባት፣ ትንሿ ሦስት ዓመቷ ነበር። አርባው በወጣ ማግስት ሰውየው የሁለቱንም ፀጉር ሙልጭ አድርጎ ላጨው። ክፋት አልነበረም፤ ሹሩባ መሥራት አይችልማ! ቅማል እንዳይገባባቸው ብሎ ነው። እኛ የመስመሩ ወንዶች ልጆች ወዲያው ስም አወጣንላቸው፤ "ምልምሎቹ" አልናቸው። አዲስ ምልምል ወታደር ጭንቅላቱን ተላጭቶ ነው የሚገባው። እኔም ብያቸዋለሁ፤ አልክድም። ዛሬ ጦቢያን ሳስብ የሚመጣብኝ ያ የተላጨ ጭንቅላት ነው።

እናቴ ናት ቤቱ ድረስ ሄዳ የተቆጣችው። "ሃምሳ አለቃ፣ እነዚህ እኮ ሴቶች ናቸው!" ስትለው፣ "እትዬ፣ እኔ መትረየስ ዓይኔን ተጨፍኜ ፈትቼ እገጥማለሁ፤ ይሄ ግን ከእኔ በላይ ሆነብኝ" አላት። ፀጉራቸው እስኪያድግ ድረስ እናቴ ነጠላዋን ዘርግታ በዘርፉ ላይ አስተማረችው። ያ በክላሽ የደደረ ጣት ሦስት ዘርፍ ለይቶ መጎንጎን እስኪለምድ ስንት ቅዳሜ እንዳለፈ! የመጀመሪያዎቹ ሹሩባዎች የድንኳን ገመድ ነበር የሚመስሉት። በኋላ ግን ለመደ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደጁ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ልጁን በጉልበቶቹ መካከል አድርጎ ሲሠራ፣ የሚያልፉ ጓደኞቹ "ሃምሳ አለቃ፣ ለእኔም!" እያሉ ያፌዙበት ነበር። ሴቶቹ ደግሞ "አግባ እንጂ፤ ለሴት ልጅ አባት ምኗ ነው?" ይሉታል። ሳቁም ምክሩም አንድ ነበር። ወንድ እዚያ ዱካ ላይ መቀመጥ የለበትም ማለት ነው።

በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ መጣና የእሱም ስም ወደ ሰሜን ወጣ። አለቃው ዘንድ ሄዶ "ልጆቼን የሚይዝልኝ የለም" አለ። የተሰጠውን መልስ እናቴ እስክትሞት ድረስ ትደግመው ነበር። "ሁሉም ልጅ አለው" ተባለ።

እውነት ነው፤ ሁሉም ልጅ ነበረው። ሁሉም ግን ሚስትም ነበረው። የእኔ ነገር በሙሉ እዚህች ላይ ነው። ሠራዊት የሚዘምተው በስንቅና በጥይት ብቻ አይደለም፤ ቤት በምትቀር ሴት ላይ ተደግፎ ነው። እሷ በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈችም፤ ማዕረግም ደመወዝም የላትም። ስላለች አትታይም። የጎደለችበት ወታደር ሲመጣ ነው ድንገት ጥያቄው የሚነሳው። ያን ጊዜ ግን ጥያቄው ለተቋሙ አይቀርብም፤ እንደ ግል ችግሩ ተቆጥሮ ለሰውየው ይመለስለታል።

ተቆራጩን እንዴት እንደጨረሰ ልንገራችሁ። ያን ጊዜ ዘማች ከደመወዙ ላይ ለቤተሰቡ ተቆራጭ ይተዋል፤ ሚስት በየወሩ ሄዳ ትፈርማለች። የሒሳብ ክፍሉ ጸሐፊ፣ "ሚስት ከሌለህ ለማን ይቆረጥ?" አለው። ለስምንት ዓመት ልጅ አይከፈል ነገር። በመጨረሻ እናቴ የሥጋ እህቱ ነኝ ብላ ፈረመች። ዋሸች። ያቺ ውሸት ባትኖር እነዚያ ልጆች የአባታቸውን ደመወዝ አይበሉም ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ወራት እኛ ቤት በሉ፣ እኛ ቤት አደሩ። ከዚያ እናቴ ወለደች፤ ቤቱ ጠበበ። ትልቋ "ቤታችን ተዘግቶ አይቅር" አለችና ምጣድ ጣደች። ዘጠኝ ዓመት አልሞላትም። እህቷን ታጥባለች፣ ታበጥራለች፣ ሹሩባውንም እሷ ትሠራለች፤ ከአባቷ የተማረችውን ማለት ነው። ሃምሳ አለቃው በ1976 ዓ.ም. ለፈቃድ መጣ። ትንሿ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ተደብቃ "ማነው?" አለች። ትልቋ ሣር ጎዝጉዛ ቡና አፈላች፣ ፈንዲሻ አቀረበች፣ እንደ ትልቅ ሰው "እንደምን ከረምክ አባዬ" አለችው። እናቴ እንደምትለው ሰውየው ያለቀሰው ትንሿ ስለረሳችው አይደለም። ትልቋ ቡና ስታቀርብለት ነው።

ትልቋ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቆመች። አባትየው ለደህናው የተመለሰው በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን፣ በነጠላ ጫማ ነው። ትንሿ ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ኋላ ተምራ ነርስ ሆነች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዱሮ ሠራዊታችን እንዲህ አልነበረም። ሲዘምት ቤቱን ይዞ ነበር የሚዘምተው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የተጓዘው ሕዝብ ተዋጊ ብቻ አይደለም፤ እህል የምትፈጭ፣ ውሃ የምትቀዳ፣ ቁስለኛ የምታነሳ ሴት አብራ ተጉዛለች። ሰፈሩ ተንቀሳቃሽ ከተማ ነበር። ኑሮው ከባድ ነው፤ ላሞካሸው አልፈልግም። ግን ሥራዋ ይታይ ነበር። ሆለታ ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. ተከፍቶ ደመወዝተኛው፣ ካምፕ የሚገባው፣ ከአገር አገር የሚዛወረው ዘመናዊ ወታደር ሲመጣ ሴቲቱ ከዘመቻው ወጣች። ከሥራው ግን አልወጣችም።

መንግሥት ለወታደር ልጅ አስቦ አያውቅም ካልኩም ውሸት ይሆንብኛል። ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ፣ በዋነኛነት አባቶቻቸው ለወደቁባቸው ልጆች አላጌ ላይ ሕፃናት አምባ ተመሠረተ። እዚያ ያደጉ ሰዎች ዛሬም እንደ እህትና ወንድም ይፈላለጋሉ፤ ግቢው ኋላ የግብርና ኮሌጅ ሆኗል። ትልቅ ሥራ ነበር። ሆኖም ልብ በሉ፤ ለዚያ በር ቁልፉ የአባት ሞት ነው። የጎረቤታችን ልጆች አባት አልሞተም። "እናቱ የሞተችበትና ወንዝ የወረደችበት እኩል ያለቅሳል" ይባል የለ? እነዚህ እናታቸው ሞታ፣ አባታቸው ዘምቶ፣ ሁለቱንም ለቅሶ ያለቀሱ ናቸው። በመዝገብ ሲታዩ ግን አባት አላቸው።

ሕጉስ? በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከወላጆች አንዱ ሲሞት በሕይወት ያለው ብቻውን አሳዳሪና ሞግዚት ይሆናል ይላል። ጥሩ ነው፤ ኃላፊነቱን ሰጠው። ጊዜውን ግን ማን ይስጠው? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለእናት 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ፣ ለአባት 3 ቀን ሰጠ። ሦስት ቀን ክርስትና እንኳ አያደርስም! እሷም ብትሆን ወታደርን አትመለከትም፤ አዋጁ የመከላከያ አባላት የራሳቸው ሕግ አላቸው ብሎ ገና ከመግቢያው ያወጣቸዋል። የሦስቱ ቀን ትርጉም ለወታደሩም ለሲቪሉም አንድ ነው። አባት ጠያቂ እንጂ አሳዳጊ አይደለም ማለት ነው።

ከወገኖቻችን ልጆች አንዳንዶቹ በሚያገለግሉበት በአሜሪካ ጦር፣ ብቻውን ልጅ የሚያሳድግ ወታደር "የቤተሰብ እንክብካቤ ዕቅድ" የሚባል ሰነድ እንዲያዘጋጅ ይገደዳል። ነገ ብትዘምት ልጅህን ለጊዜው ማን ይይዝልሃል? ለረጅም ጊዜስ ማን? ውክልናውን ሰጥተሃል ወይ? ብሎ ይጠይቃል፤ አዛዡ ያየዋል፣ በየጊዜው ይታደሳል። ማሟላት ያልቻለ ከሠራዊቱ ሊሰናበት ይችላል። እኔ ይህንን እንደ ጽድቅ አላመጣሁትም። ያቺን የማትታየዋን ሴት ስሟን በወረቀት አሰፈራት እንጂ ደመወዝ አልቆረጠላትም፤ ብዙውን ጊዜ ያው አያት ናት። ቢሆንም መጠየቁ ራሱ አንድ ነገር ነው። የእኛን ሃምሳ አለቃ "ልጆችህን ለማን ሰጠህ?" ብሎ በወግ የጠየቀው አልነበረም።

አሁን አንዳንዱ አንባቢ "ታዲያ ጦር ሠራዊቱ መዋዕለ ሕፃናት ይሁን ነው የምትለው? አገር ሲወረር ሹሩባ እንሥራ?" ይለኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቀልድ አላልፈውም። ጦርነት ሲመጣ የሚዘምት ሰው ያስፈልጋል፤ የሚዘምተውም ሰው የአንድ ልጅ አባት ወይ እናት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን በተካሄደው ጦርነት ጊዜ ስንት ልጅ በር በር ሲያይ እንደከረመ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ የምለው አንድ ነው። ለእያንዳንዱ ወታደር የሚደርሰውን የኮቾሮ ቁጥር ጠንቅቆ የሚያውቅ ተቋም፣ ከኋላው ያሉትን ልጆች ቁጥር ማወቅ አያቅተውም። ሌላ ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት የያዘ ሰው ስንት ነው? እንዲህ ያለውን ሰው፣ ልጆቹ ከፍ እስኪሉ፣ ማሠልጠኛ ወይም ዕቃ ግምጃ ቤት መመደብ ሠራዊት ያፈርሳል? ልጆቹን ለምትይዘው ሴት በስሟ፣ ሳትዋሽ፣ ገንዘብ መቁረጥ አገር ያከስራል? ዛሬ ሴት ወታደሮችም አሉ፤ ባል የሌላቸው እናቶችም አሉባቸው። ጥያቄው የእነሱም ነው።

ወቀሳውን ግን ለመንግሥት ብቻ ሰጥቼ ብሄድ አጭበርባሪ እሆናለሁ። ያን ዱካ ላይ የተቀመጠ አባት ያፌዝንበት እኛ ነን። "ምልምሎቹ" ያልነውም እኛው። አባት የሴት ልጁን ፀጉር ሲነካ የሚያፍር ማኅበረሰብ፣ አባትየው ሲዘምት ያንን ሥራ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ሲያሸክም አላፈረም። እንዲያውም አሞገሳት። "ልጅ አትበላት፣ ትልቅ ሰው ናት!" እያልን አድንቀናታል። እኔ ዛሬ ያንን አድናቆት ስድብ ነው የምለው። ልጅነቷን እየወሰድን ነበር የምናመሰግናት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ትልቋን አንድ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ አገኘኋት። ሃምሳ አለቃው ካረፈ ቆይቷል። ሳልፈልግ ዓይኔ ፀጉሯ ላይ ሄደ፤ በሻሽ ተሸፍኗል። ስለ እናቴ አነሳን፣ ስለ ነጠላው ዘርፍ አነሳን፣ ሳቅን። "ምልምል" ስላልኳት ይቅርታ ጠየቅኋት። ረስታው ነበር፤ ወይም ረስቼዋለሁ አለችኝ።

"አባቴን አልወቅሰውም" አለች። "የሚችለውን አድርጓል። ደብዳቤ ሲልክ ግን ሁልጊዜ 'እህትሽን አደራ' ነበር የሚለው። እናትህም 'እህትሽን አደራ' ትለኝ ነበር። መምህራኖቹም እንደዚያው። እኔን ለማን አደራ እንደሰጡኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።"

መልስ አልነበረኝም። ንፍሮ ሲመጣ ተቀበልኩ።

ባለፈው ሳምንት ወዳጄን ደውዬ ያንን ቪዲዮ ላክልኝ አልኩት። "ደግሞ ምን ልታወጣበት ነው?" እያለ ላከልኝ። አቁሜ፣ መልሼ፣ አቁሜ አየሁት። ትንሿ እየሮጠች ነው፤ እጇ ባዶ ነው። ትልቋ ለምን ቆም እንዳለች ያኔ ገባኝ። በሁለቱም ትከሻዎቿ ቦርሳ አንግታለች፤ አንዱ የራሷ፣ አንዱ የእህቷ ነው። ለመሮጥ መጀመሪያ እነሱን ማውረድ ነበረባት።